በአውራ ጣቴ የጀመርኩት ሥዕል

የመጀመሪያውን ዲጂታል ሥዕሌን የሣልኩት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ በአውራ ጣቴ ነው። 2013 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነበር። ሰልፉ አይንቀሳቀስም፣ ዝናቡ አያባራም፣ የስልኬ ዳታ ደግሞ አልቋል። ዳታ ያለቀበት ሰው ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ መጎርጎር ይጀምራል፤ እኔም የእህቴ ልጅ ለጨዋታ ብላ የጫነችውን ኢቢስ ፔይንት የሚባል የሥዕል መተግበሪያ አገኘሁ። ከፊቴ የቆሙትን ሴትዮ ጃንጥላ ሣልኩ። ጃንጥላ ከመምሰል ይልቅ የተላጠ ድንች ይመስል ነበር። ግን ታክሲው መጥቶ ሰልፉ ሲላወስ አላየሁም፤ ከኋላዬ ያለው ልጅ «ወንድም፣ ትገባለህ ወይስ እንለፍህ?» ብሎ ቀሰቀሰኝ።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥዕል የተማርኩበት ቦታ የለም። ልጅ እያለሁ ከደብተሬ ጀርባ ጀምሬ ወደ መሀል እየገባሁ ፈረስ እሞላበት ነበር። አንድ ቀን አባቴ የሒሳብ ደብተሬን ሲገልጥ ከማባዛቱ ፈረሱ በዝቶ አገኘና «ደብተር የምገዛልህ ለዚህ ነው?» አለኝ። አልመታኝም። ግን በዚያን ጊዜ ቤታችን ደብተር በደርዘን ተገዝቶ ለአራት ልጅ በቁጥር የሚታደል ነገር ስለነበር ነገሩ ገባኝ፤ ፈረሱም እዚያው ቆመ። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ለሥዕል ብዬ እርሳስ አልያዝኩም። ስልኩ ላይ ልቤ የደነገጠው ለዚህ ይመስለኛል። ወረቀቱ አያልቅም፣ ቢበላሽም የሚቆጣ የለም።

ሥዕል አሁንም እንጀራዬ አይደለም፣ እንዲሆንም አልፈልግም። ማታ ማታና እሑድ የምሠራው ነገር ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ግን «እኔም ልጀምር ነበር፤ ምን ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ራሴ ብዙ ብርና ከብሩ የበለጠ ጊዜ ያባከንኩት በዚህችው «ምን ልግዛ» ላይ ስለሆነ መልሱ አጭር አይደለም።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት በስልክ ብቻ ሠራሁ። ለመጀመር ስልክ ይበቃል። ኢቢስ ፔይንት ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ ያሳያል፣ አንዳንዱን ብሩሽም ለተወሰነ ሰዓት የሚከፍትላችሁ ማስታወቂያ ስታዩለት ነው። የምወድለት ነገር ከመጀመሪያዋ መስመር አንስቶ የሠራችሁትን ሁሉ ቀርጾ በአጭር ቪዲዮ መልሶ ማሳየቱ ነው። ብዙ ጥፋቴን ያየሁት ካለቀው ሥዕል ሳይሆን ከዚያ ቪዲዮ ነው፤ አፍንጫውን ሁልጊዜ ፊቱ ሳይኖር እጀምራለሁ።

ሌየር የሚባለውን ነገር ለመረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የገባኝ የልጅነት ካርታ ትዝ ሲለኝ ነው። ጂኦግራፊ ላይ የአፍሪካን ካርታ ለመገልበጥ ነጭ ወረቀት በዘይት አሽተን መጽሐፉ ላይ እንደርብ ነበር፤ ከሥር ያለው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌየር ያው ዘይት የጠጣው ወረቀት ነው። አንዱ ላይ መስመሩን፣ ከሥሩ ባለው ላይ ቀለሙን፣ በመሀል ጥላውን ትሠራላችሁ። ቀለሙ ቢበላሽ መስመሩ አይነካም። እኔ ታዲያ ነገሩ ከገባኝ በኋላ አበዛሁት፤ ለእያንዳንዱ ቅንድብ አንድ ሌየር፣ ስም የሌለው አርባ ምናምን ድርብርብ። የፊቱን ጥላ ፀጉሩ ላይ ስቀባ፣ ሳጠፋው ደግሞ ሌላ ነገር አብሮ ሲጠፋ አመሸሁ። አሁን ከአምስት ወይም ከስድስት አላልፍም፤ እያንዳንዱም «ፊት»፣ «ልብስ»፣ «ጀርባ» ተብሎ ስም አለው።

በስልኩ ዘመን የከፈልኩት ትልቁ ዋጋ የሸራው፣ ማለትም መተግበሪያው ውስጥ የምሥልበት ገጽ፣ መጠን ነው። መተግበሪያው ሲከፈት የሰጠኝን ትንሽ መጠን ሳልነካ ወራት ሠራሁ። ለእህቴ ልጅ ልደት ፊቷን ሥዬ በኤፎር ላሳትም ብሄድ ጉንጯ ላይ ያለው ሁሉ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፤ ሥዕሉ በሽምብራ የተደረደረ ይመስል ነበር። ኤፎር ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማሳተም 2480 በ3508 ፒክሰል ያስፈልጋል። ይህን ከመጀመሪያው መስመር በፊት ነው መወሰን ያለባችሁ፤ በትንሹ ተሠርቶ ኋላ ላይ ቢለጠጥ ያልነበረ ነገር አይመጣም። እርግጥ ሸራው በሰፋ ቁጥር ስልኩ የሚፈቅድላችሁ የሌየር ብዛት ይቀንሳል፤ ያም ቢሆን ለእኔ በጎ ሆነ።

ከዚያ «ዕቃ» ልገዛ ተነሣሁ። እዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር ላንሣ። ሱቅ ገብታችሁ «ታብሌት» ብትሉ ትልቁን ስልክ ነው የሚያሳዩአችሁ። ለሥዕል የሚሆነው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ስክሪን የሌለው፣ ከኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ የሚያያዝ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ እጃችሁ ታች ይሥላል፣ ዓይናችሁ ላይ ያያል። ሁለተኛው ራሱ ስክሪን ያለው ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ያለ ኮምፒውተርም አብዛኛው አይሠራም። ሦስተኛው አይፓድ ወይም እስክሪብቶው አብሮት የሚመጣ የአንድሮይድ ታብሌት ነው። ብዙ ሰው የሚያወራለት ፕሮክሪዬት አይፓድ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ አንዴ ተከፍሎበት ያበቃል። አቅሙ ላለው ምቹ ነገር ነው፤ እኔ አቅሙ አልነበረኝም።

መርካቶ ሄጄ ያገለገለ የመጀመሪያውን ዓይነት ገዛሁ። ሰሌዳው ደህና ነበር። እስክሪብቶው ግን የሌላ ሰሌዳ ነው። ሻጩ «አለቃ፣ ይሄ እስክሪብቶ ከሁሉም ጋር ይሠራል» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ቤት ገብቼ ብሞክረው እንጨት ብይዝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት የብዙዎቹ ሰሌዳዎች እስክሪብቶ ባትሪ የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከሰሌዳው ከሚወጣው የማግኔት መስክ ነው። ስለዚህ ከራሱ ወገን ጋር ካልሆነ አይግባባም፤ አንዳንዴ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ሞዴሎች እንኳን አይግባቡም። ያገለገለ ስትገዙ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩ። የዩኤስቢው ቀዳዳ ላልቶ እንደሆነ ገመዱን ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩ። የእስክሪብቶው ጫፍ እየተፋቀ የሚያልቅ ነገር ነውና መለዋወጫ መኖሩንም ጠይቁ። ሰሌዳው ላይ ያለው ጭረት ግን ዓይን ይረብሻል እንጂ ብዙ አይጎዳም።

ሁለተኛ ጊዜ አዲስ፣ ትንሽ፣ ስክሪን የሌለው ገዛሁ። ዋኮም፣ ሁዮን፣ ኤክስፒፔን የሚባሉት ሁሉም እንዲህ ያለ ትንሽ ሰሌዳ አላቸው። ካርቶኑ ላይ 8192 የግፊት ደረጃ የሚል ተጽፎ ይሆናል፤ ሰሌዳው እስክሪብቶውን ምን ያህል እንደተጫናችሁት የሚለይበት ቁጥር ነው፤ ሌላው 2048 ይላል። እጄ ልዩነቱን አላወቀውም። በዚያ ቁጥር ብር አትጨምሩ።

የሒሳብ ሰው ነኝና ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የሠራሁት ክብ ነው፤ ክብ ቀላል ነው ብዬ። ክቡ እንቁላል ሆነ። ደገምኩት፤ እንቁላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኔዎቹ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ተጋድመው ቀሩ። እጄን ስረግም ከርሜ ችግሩ የእጄ እንዳልሆነ ያወቅሁት ድራይቨሩን፣ ሰሌዳውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ስከፍት ነው። የሰሌዳዬ ወርድና ቁመት ከስክሪኔ ወርድና ቁመት ጋር አይመጣጠንም፤ ኮምፒውተሩ አንዱን በሌላው ላይ ሲለጥጠው ክብ ሁሉ ወደ ጎን ይሳባል። ድራይቨሩ ውስጥ መጠኑን ከስክሪኑ ጋር የሚያመጣጥን ምርጫ አለ፤ እሱን ስነካ ክቤ ክብ ሆነ። ዓይንና እጅ ተለያይተው መሥራቱን ግን የሚያስተካክል ቁልፍ የለም። ለእኔ ሁለት ሳምንት ወሰደ። መጀመሪያ ፊርማዬን እንኳን መጻፍ አልቻልኩም፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ገደማ እጄን ማየት እንደረሳሁ ገባኝ።

ፕሮግራሙን በተመለከተ ሌላም ሞኝነት ሠርቻለሁ። በየወሩ የሚከፈልበትን ታዋቂ ፕሮግራም ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረውን ቅጂ፣ አውርጄ ጫንኩና ላፕቶፔ በቫይረስ ተሞላ፤ የመሥሪያ ቤት ፋይል ስለነበረበት ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ለሌለን ሰዎች ክሪታ አለ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ለሥዕል ተብሎ የተሠራ ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልፈለግሁም። ኮምፒውተራችሁ ላይ ካስገባችሁት በኋላ እስክሪብቶውን ጫን ብታደርጉም ባታደርጉም መስመሩ እኩል ከወፈረ አትደናገጡ፤ ሴቲንግ ውስጥ የታብሌት ክፍሉን ክፈቱና ፕሮግራሙ የእስክሪብቶውን ግፊት ከሚቀበልባቸው ሁለት መንገዶች፣ ከዊንታብና ከዊንዶውስ ኢንክ፣ አንዱን በሌላው ቀይራችሁ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት። የድሮ ሰሌዳ ድራይቨር ካለም መጀመሪያ አጥፉት፤ ሁለት ድራይቨር በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሁለት ጣውንት ነው።

ስለ ብሩሽ ብዙ አልልም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ አንዱ ሠዓሊ በዚህ ብሩሽ ነው የምሠራው ባለ ቁጥር እያወረድኩ መቶዎች አጠራቀምኩ። ዛሬ የምጠቀመው ሦስት ነው፤ ጠርዙ ደረቅ የሆነ ክብ፣ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ክብ፣ አንድ እንደ ከሰል የሚሻክር።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የአደይ አበባው ነገር ነው። ለእንቁጣጣሽ ለጓደኞቼ የምልከው ሥዕል ልሥራ ብዬ አንድ ኮረብታ ሙሉ አደይ ጀመርኩ። ያኔ የምሠራው በወንድሜ ዴስክቶፕ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቅጠሏን አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ የስክሪኑን ጥቁር ፊት ሳይ ቆየሁ፤ እናቴ ሻማ ይዛ ገብታ «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ። ሴቭ አላደረግሁም ነበር፤ ክሪታ በራሱ የያዘው ሲከፈትም ግማሹ የለም።

በማግስቱ ያንኑ ሥዕል እንደገና ስጀምር ትዕግሥቱ አልነበረኝም። ሩቅ ያለውን አደይ በሰፊ ብሩሽ ቢጫ አድርጌ ጨፈለቅሁት፣ በመሀል ያለውን በነጥብ፣ አበባ ሆነው በቅጠላቸው የሚታዩት ከፊት ያሉት አሥር ያህል ብቻ። አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ከጠፋውም በብዙ ይሻላል፤ ኮረብታ ላይ ያለ አደይ ከሩቅ መቼ በቅጠል ይታያል? ቢጫ ሆኖ ነው የሚታየው። ሆኖም ይህን ለመረዳት መብራት እስኪጠፋ አትጠብቁ። ሴቭ የሚያደርገውን ኮንትሮል ኤስ እጃችሁን አስለምዱት፣ ሴቲንጉ ውስጥ በራሱ የሚያስቀምጥበትን የደቂቃ ልዩነት አሳጥሩት፣ ፋይሉንም «አደይ 1»፣ «አደይ 2» እያላችሁ ለየብቻ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ የታፔላ ሠዓሊ አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ የሱቅና የምግብ ቤት ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ እሑድ ቡና ሊጠጡ እኛ ቤት መጡ። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ እናቴ ፊት ያለችውን ጀበና እሥል ነበር። ዝም ብለው ከኋላዬ ሲያዩ ቆዩ። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ። በረካው ሲቀዳ «አንተ ልጅ፣ ይቺን እጀታ በአቦል ጀምረህ በበረካም አልጨረስካት። ምን እየሆንክ ነው?» አሉኝ።

«መስመሯን እያስተካከልኩ ነው ጋሼ።»

«እያስተካከልክ አይደለም፤ እያጠፋህ ነው። አንድ ስታሰምር አንድ ታጠፋለህ። እኔ ቆርቆሮ ላይ ስጽፍ መመለሻ አልነበረኝም።»

እውነታቸውን ነው። ኮንትሮል ዜድ የሚባለው፣ የመጨረሻውን ሥራ የሚሰርዘው ቁልፍ ግራ እጄ ላይ ተጣብቆ ነበር። አንዲት መስመር ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ እያጠፋሁ እሠራለሁ፤ አርባኛዋም ከመጀመሪያዋ አትሻልም። ስህተት በነፃ ሲሆን ሰው አይቶ ከመሥራት ሞክሮ ማጥፋት ይቀለዋል። በልጅነቴ ወረቀቱ ውድ ሆኖብኝ ተውኩት፤ አሁን ደግሞ በነፃ ስለሆነ አልጨርሰውም። ጋሼ እስክሪብቶውን ተቀብለውኝ ሊሞክሩት ፈለጉ። ዓይናቸውና እጃቸው ተለያይቶባቸው ሳቁ፤ ግን አሰማመራቸውን አየሁት። አንጓቸው አይታጠፍም፣ ትንፋሻቸውን ያዝ አድርገው ከትከሻቸው ነው የሚስቡት። እኔ ከጣቴ ነበር የምሥለው፤ ማታ ማታ አንጓዬን የሚያመኝ ለምን እንደሆነም ያኔ ነው የገባኝ።

ከዚያ «ጀበናዋ ምን ዓይነት ናት?» አሉኝ። «ጥቁር» አልኳቸው። «እስቲ ጥቁሩን አሳየኝ።»

ጀበናዋን አየኋት። ያን ያህል ጊዜ ስሥላት ቆይቼ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በመስኮቱ በኩል ያለው ሆዷ ሰማይ ሰማይ የሚል ግራጫ ነው። ከሰሉ ባለበት በኩል ከታች፣ ማቶቷ አጠገብ፣ የቀላ ቡናማ ብርሃን አለ። አንገቷ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ትወርዳለች፤ እሷም ነጭ አይደለችም፣ ውኃ ሰማያዊ ናት። ቡናው ሲገነፍል የወረደበት ቦታ ደግሞ ደብዛዛ ነው፣ ብርሃን አይመልስም። ጥቁር ብዬ የምጠራው ቀለም ያለው እጀታዋ ሆዷን የምትነካበት ጥግ ላይ ብቻ ነበር፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል። እኔ ግን ጀበናዋን በሙሉ በጥቁር ሞልቼ ከላይ ነጭ ለጥፌባት ነበር፤ የጎማ ጀበና ነበር የምትመስለው።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ አንድ ልማድ ያዝኩ። የስልኬን ሰዓት ሃያ ደቂቃ ላይ አደርጋለሁ። አንድ ሌየር፣ አንድ ደረቅ ክብ ብሩሽ፣ ኮንትሮል ዜድ የለም። የተሳሳተ መስመር ካለ በላዩ ላይ ትክክለኛውን እቀባለሁ እንጂ አላጠፋም። ሰዓቱ ሲጮህ አቆማለሁ፣ ባያልቅም። እንዲህ አድርጌ አሥራ አራት ጀበና ሠራሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት የሚታዩ አይደሉም። ሰባተኛዋ ላይ እናቴ በኋላዬ ስታልፍ «ይቺማ የኛ ናት» አለች፤ አፏ ጋ የተሸረፈችውን ቦታ አውቃ። አሁንም አንድ ሥዕል አልሄድ ሲለኝ ወደ ሃያ ደቂቃው እመለሳለሁ። ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ እሱ ይበልጥ ጠቅሞኛል፤ አንድ ሳንቲም አላስወጣኝም።

በመሀል ጥላና ብርሃን አልሆን ብሎኝ ተስፋ የቆረጥኩበት ጊዜም ነበር። ያኔ ለሥራ ጎንደር ሄጄ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፤ ከጣሪያው የሚያዩት የመላእክት ፊቶች ጥላ ብዙም የላቸውም። ወፍራም ጥቁር መስመር፣ የተሞላ ቀለም፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ ያ ብቻ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን መሣሉንም አስታወስኩ፤ ሠዓሊው ሰውን በጥላ ሳይሆን በአቀማመጥ ነው የሚነግረን። ተመልሼ ለሁለት ወር ያህል በዚያ መንገድ ብቻ ሠራሁ፤ መስመሩ በአንድ ሌየር፣ ሙሉ ቀለሙ ከሥሩ። ለጀማሪ ከዚህ የሚመች ዘዴ አላየሁም፤ የሚጀመረውም የሚያልቀውም በአንድ ምሽት ነው።

የእናቴን ፊት ለመሥራት የደፈርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የኛን መልክ ስትሠሩ ከባዱ ጥላው ነው። ብዙ የተዘጋጁ የቆዳ ቀለሞች ለሌላ መልክ የታሰቡ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ቡናማውን መርጬ ጥላውን በጥቁር አጠቆርኩትና እናቴ ከሰል ስታራግብ የዋለች መሰለች። ጥቁርን ከጥላ አስወጡት። የእናቴ ጉንጭ ላይ ያለው ጥላ ወደ ቀይና ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ቡናማ ነው፤ ግንባሯ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ አገጯ ሥር ደግሞ ጨለማ መሆን ሲገባው ፈካ ይላል፣ ነጠላዋ ከታች ብርሃን ስለሚመልስባት። ነጠላውም በንጹሕ ነጭ ከተሞላ ሥዕሉ ላይ የተቀደደ ቦታ ይመስላል። በጥላው በኩል ሰማያዊ ግራጫ አድርጌ፣ ንጹሑን ነጭ ለትከሻዋ ጠርዝ ብቻ አስቀረሁት፤ ጥለቱ ያኔ ብርት አለ።

ሁለት ነገሮች በጣም ረድተውኛል። አንደኛው፣ ከሁሉም በላይ አንድ ሌየር አድርጎ በጥቁር መሙላትና ብሌንዲንግ ሞዱን (ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) «ከለር» ማድረግ ነው፤ ሥዕሉ ወዲያው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። በዚያ ፊቱና ጀርባው ከተደባለቁ ችግሩ ቀለም አይደለም፣ የብርሃንና የጨለማው ልዩነት ነው። አይታችሁ ሌየሩን ትደብቁታላችሁ። ሁለተኛው፣ ክሪታ ላይ የኤም ፊደልን ስትነኩ ሥዕሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል። መጀመሪያ ስነካው የእናቴ ግራ ዓይን ከቀኙ በአንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ሳምንት ሙሉ ሳየው አልታየኝም ነበር።

ሥዕሉ ሲያልቅ ለማተሚያ ቤት ሰጠሁና በፍሬም አድርጌ ወሰድኩላት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ ብላ አየችው። ራቅ አድርጋም አየችው። «ፊቷስ እኔ ነኝ» አለች፤ «ግን ነጠላዬን እንዲህ ያቆሸሸብኝ ማነው?»

ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ አልነበረም። ማታ ስሠራ የስክሪኔን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነበር፤ ለእኔ ፈክቶ የሚታየኝ ግራጫ ወረቀት ላይ ጭቃ ሆነ። ሌላው፣ ስክሪን ቀለም የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን፣ አርጂቢ በሚሉት ነው፤ ማተሚያ ደግሞ ወረቀት ላይ በሚቀባ ቀለም፣ ሲኤምዋይኬ በሚሉት። ስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊ ሁሉ ወረቀት ላይ አይገኝም፤ ደብዝዞ ይወጣል። አሁን ከማሳተሜ በፊት የስክሪኑን ብርሃን ግማሽ ገደማ አድርጌ እንደገና አየዋለሁ፣ ሥዕሉን ትንሽ አፈካዋለሁ፤ ከዚያ ፊቱና ነጠላው ያሉበትን ቁራጭ ብቻ በትንሽ ወረቀት አሳትሜ በቀን ብርሃን፣ ደጅ ወጥቼ አያለሁ። የትንሿ ወረቀት ዋጋ ከፍሬም ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ኅትመት ሳሎን ተሰቅሏል፤ ነጠላው ታጥቧል። እንግዳ መጥቶ ማን ሣለው ብሎ ሲጠይቅ እናቴ «ኮምፒውተር ነው» ትላለች፤ እኔም ማስረዳቱን ትቼዋለሁ። ጋሼ ካሉ ግን ዝም አይሉም። «ኮምፒውተሩማ አንዲት የጀበና እጀታ ሦስት ቡና ፈጅታበታለች» ይላሉ።